የኋላው እግር የተፈታበት ክረምት

ባለፈው ወር የሥራ ባልደረባዬ መኪናዋን ለማሠራት መካኒሳ አቦ አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። የልጅነት ሰፈሬ ስለሆነ እግረ መንገዴን ላየው ብዬ ነበር። እሷ ከመካኒኩ ጋር ስትነጋገር እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኋት። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። እግሬ ሥር ናፍጣ ያለበት የቀለም ጣሳ ተቀምጧል፤ ዝገታቸው እንዲለቅ የተዘፈዘፉ ቡሎኖች ውስጡ አሉ። የናፍጣው ሽታ ከእርጥቡ አፈር ጋር አንድ ላይ ሲመጣብኝ ሳላስበው ጣቶቼን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ። ጣቶቼ ምንም አልነካቸውም። ያ ጠረጋ የአንድ ክረምት ልማድ ነው።

አሥር ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ረመዳን ከክረምቱ ጋር ገጥሟል። አባቴ ከድር ከመካኒሳ ሀና ማርያም የሚመላለስ ሚኒባስ ነበረው። እናቴ በረመዳን ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ለቀረው ጊዜ ደግሞ ከጎረቤታችን ልጅ ከቤቲ ጋር አጥር ለአጥር እውላለሁ። ቤቲ የጴንጤ ልጅ ናት። እሷ የሰንበት ትምህርት መዝሙሯን ታስጠናኛለች፣ እኔ ምስር የበዛባትን ሳምቡሳ መርጬ በአጥሩ ቀዳዳ አቀብላታለሁ። አባቷ ጋሽ ላምቤቦ አናጢ ናቸው። እናቷ እትዬ አማረች ሀና ማርያም መንገድ ዳር ጎመንና ቲማቲም ይሸጣሉ። ጠዋት ጠዋት እቃቸውን የሚያደርስላቸው፣ ማታም ባዶ ቅርጫታቸውን ይዞ የሚመልሳቸው አባቴ ነበር፤ ሁልጊዜም ከፊት፣ ከእሱ ጎን ነው የሚቀመጡት።

አንድ ቀን እናቴ ሊጡን እየዳመጠች ሳለች የአባቴ ረዳት እየሮጠ መጣ። አንድ እግሩ ላይ ጫማ የለም።

“ገደል አይደለም፣ ቦይ ነው” አለ፣ እናቴ ምንም ሳትጠይቀው። “ቦይ ውስጥ ነው የገባነው።”

እናቴ መዳመጫውን እንደያዘች ወጣች። እኔ ዘይቱ እሳት ላይ ስለነበር ልከተላት አልደፈርኩም። እሳቱን አጥፍቼ ከሊጡ ጋር ብቻዬን ተቀመጥኩ።

አባቴ ግንባሩ ተሰፍቶ በማግስቱ ቤት ገባ። መንጃ ፈቃዱን ትራፊክ ፖሊስ ይዞታል፤ ጉዳዩ እስኪጣራ መንዳት አይችልም። መኪናው ውስጥ የነበሩት ሌሎቹ ሰዎች ከመቧጨር በቀር ምንም አልሆኑም። እትዬ አማረች ግን ሆስፒታል ቀሩ። የተጨፈለቀው እሳቸው የተቀመጡበት በኩል ያለው በር ነበር።

ሰፈሩ ውስጥ ወሬው አንድ ነው። “ጾም ላይ ነው፤ ሌሊት ለሱሁር ይነሳል፣ ቀን ሙሉ ይነዳል። እንቅልፍ ጥሎት ነው።” ይህን የሚሉት በክፋት አልነበረም። አንዳንዶቹ እንዲያውም እያዘኑለት ነው። ረዳቱም ቢሆን ሒሳብ ሊቀበል ወደ ኋላ ዞሮ ስለነበር ያየው ነገር የለም። ከሁሉ የከፋው ግን አባቴ ራሱ ማመኑ ነበር።

“የማስታውሰው ቁልቁለቱን ነው” ይላታል እናቴን፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። “ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ከኋላዬ ዞራ ስትገፋኝ ትዝ ይለኛል። መሪውን ወደዚህ እጠመዝዛለሁ፣ እሷ ወደዚያ ትሄዳለች። ይሄ እንዴት ይሆናል ዘይነባ? ህልም ነው። ተኝቼ አልሜው ነው።”

“እንግዲያው ሄደህ አማረችን ጠይቃት። ሁሉም ሰው ሄዶ ጠየቃት፣ አንተ ብቻ ቀረህ።”

“በምን ፊቴ?”

እናቴ ብቻዋን ሾርባ ይዛ ሆስፒታል ትመላለሳለች። አባቴ መኝታ ቤት ተቀምጦ ይውላል። አፍጥር ላይ እንኳ የሚበላው እኛ ስለምናየው ይመስል ነበር።

ሚኒባሷ በጭነት መኪና ተጎትታ ግቢያችን ውስጥ ገባች። ፊቷ ተጨፍልቋል። የቀኙ የኋላ ጎማ ደግሞ ከቦታው ወደ ኋላ ሸሽቶ ቆርቆሮውን ነክቷል። ሰው ሁሉ ቦዩ ነው ያሸሸው አለ። አባቴ በመስኮት አንዴ አያትና መጋረጃውን ዘጋ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አባባ ሸረፋ እኛ ጋ ሊሰነብቱ ከሀና ማርያም መጡ። የአባቴ አጎት ናቸው። አባቴን ገና ልጅ ሳለ ከስልጤ አምጥተው ያሳደጉት፣ መንዳት ያስተማሩት፣ የእሱን መኪና እንደ ራሳቸው እግር የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። በጎልማሳነታቸው የትልልቅ ጭነት መኪናዎች መካኒክ ነበሩ፤ አሁን አርጅተው ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ረጅም ኮት ይለብሳሉ፣ እጃቸውንም ከኪሳቸው አያወጡም። ሲቀመጡ ደግሞ ሁለቱን መዳፎቻቸውን ጉልበታቸው መሀል አጣብቀው ይይዛሉ። ሁልጊዜ የሚበርዳቸው ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ የእናቴን የሱፍ ጓንት አምጥቼ ብሰጣቸው ስቀው ኪሳቸው ከተቱት።

መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩና ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት ጮክ ብለው “ከድር! የኋላ እግሯን ልፈታ ነው” አሉ።

ከዚያ ካርቶን ፈልገው መሬት ላይ አነጠፉ።

እኔ ግን ደነገጥኩ። በዚያው ሳምንት እናቴ ከሆስፒታል ተመልሳ “እግሯን በብረት ሊያያይዙላት ነው አሉ፤ ካልያዘ ሊቆረጥ ይችላል” ስትል ሰምቼ ነበር። እዚያም እግሯ፣ እዚህም እግሯ። መካኒኮች ባሌስትራውንም፣ ጎማ የሚያያይዘውንም ሁሉ ጠቅልለው “እግር” እንደሚሉት አላውቅም ነበር። በልጅ አእምሮዬ ነገሩን አያያዝኩት። ሁለቱ በአንድ ቀን ነው የተሰበሩት፤ አባባ ሸረፋ አንዱን ከሠሩ ሌላውም ይሠራል። ለማንም አልተናገርኩም። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩና “ምን ላግዝዎት?” አልኳቸው።

ሥራ ሰጡኝ። እሳቸው ካርቶን አንጥፈው መኪናዋ ሥር ይገባሉ፤ የፈቱትን ቡሎንና ማሰሪያውን ዳዶ አንድ በአንድ ያቀብሉኛል። እኔ ጣሳው ውስጥ እዘፈዝፋለሁ፣ በሽቦ ብሩሽ እፈገፍጋለሁ፣ ጨርቅ ላይ እደረድራለሁ። ዝናብ ሲመጣ ከእናቴ የሳምቡሳ መጥበሻ ቦታ ላይ የተወጠረውን ሸራ አውርደን መኪናዋ ላይ እንወጥራለን። ቀሚሴ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ጀመር። እናቴ አልተቆጣችም። በዚያ ክረምት ብዙ የሚያስቆጣ ነገር እያየች ዝም ትል ነበር።

መጀመሪያ የፈቱት ደህናውን፣ የግራውን ጎን ነው። “ታማሚውን ከማየትሽ በፊት ጤነኛው ምን እንደሚመስል እይ” አሉኝ። ከጎማ እስከ ጎማ የተጋደመውን ወፍራም ብረት በመፍቻ ነካ ነካ አደረጉት።

“ይሄ አክስል ነው። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው እሱ ነው። አሁን ንገሪኝ ሰሚራ፣ እሱን ራሱን መኪናዋ ሥር ቦታ ያስያዘው ማን ነው?”

“ጎማው?”

“ጎማውማ እሱ ላይ ነው የታሰረው።”

ከዚያ ባሌስትራውን አሳዩኝ። እንደ ቀስት የጎበጡ ጠፍጣፋ ብረቶች ናቸው፤ ረጅሙ ከላይ፣ አጫጭሮቹ ከሥር ተደራርበዋል።

“ሰው ይሄን ሲያይ ሸክም ብቻ የሚሸከም ይመስለዋል” አሉ። “ይሸከማል፣ እውነት ነው። ግን ሌላም ሥራ አለው። ትንንሾቹ አውቶሞቢሎች ላይ የተጠቀለለ ሞላ ይሸከማል፤ አክስሉን ደግሞ ሌሎች ዘንጎች ይይዙታል። አንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ፣ አንዱ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት። የእኛ መኪና እነዚያ ዘንጎች የሏትም። ሁሉንም ይሄ ባሌስትራ ብቻውን ነው የሚሠራው። አክስሉን ‘ወደ ላይና ወደ ታች ሂድ፣ ወደ ሌላ ቦታ ግን ንቅንቅ እንዳትል’ ይለዋል።”

“በምን ይይዘዋል?”

ጣቴን ይዘው አክስሉ ላይ ያለች ትንሽ ክብ ቀዳዳ ውስጥ ከተቱት። ቀዝቃዛ ነበረች፣ ጠርዟም ስለታም። “የባሌስትራው መሀል ላይ አንድ ቡሎን አለ። ጭንቅላቱ እዚህች ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ቦታውን የሚያሳየው እሱ ነው። እነዚህ ረጃጅም የታጠፉ ቡሎኖች ደግሞ ባሌስትራውንና አክስሉን አንድ ላይ ጨምቀው ይይዛሉ። ጨምቀው ካልያዙ ጉልበቱ ሁሉ ያቺ ትንሽ ቡሎን ላይ ይወድቃል። እሷ ብቻዋን አትችለውም።”

“ካልቻለችስ?”

“ትቆረጣለች። አክስሉ በአንድ በኩል ይሸሻል፤ ጎማዎቹ ወደ ጎን ያያሉ። ያኔ ሹፌሩ መሪውን ቢይዝ ባይዝ መኪናዋን የሚነዳት ኋላዋ ነው።”

“ትቆረጣለች” ሲሉ የእትዬ አማረችን ነገር አስቤ፣ በእጄ ያለውን ዳዶ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ፈገፈግሁት።

በማግስቱ የቀኙን ጎን ፈቱ። ሲፈቱ እንደ ግራው አልታገሉም፤ የታጠፉት ቡሎኖች ዳዶ ትንሽ በመፍቻ ነካ ሲደረግ በቀላሉ ይዞር ጀመር። ከዚያ መኪናዋ ሥር ለረጅም ጊዜ ድምፅ ጠፋ። እግሮቻቸው ብቻ ይታዩኛል። ተኝተው ይሆን ብዬ ጎንበስ ስል እጃቸው ወጣና ለሁለት የተሰበረውን የመሀሉን ቡሎን አቀበለኝ።

“በደንብ እጠቢው። አትፈግፍጊው፣ እጠቢው ብቻ።”

አጥቤ ሰጠኋቸው። ከሥር ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ስብራቱን ወደ ብርሃኑ አድርገው ያገላብጡት ጀመር። እኔም አጠገባቸው ሆኜ አየሁት። የተሰበረበት ፊት ሁለት ዓይነት ነበር፤ ግማሹ ጥቁርና እንደተላሰ ለስላሳ፣ ግማሹ እንደ ስኳር ፍሬ የሚያብለጨልጭ።

“ለምን ሁለት ቀለም ሆነ አባባ?”

“ጥቁሩ ቀድሞ የተሰነጠቀው ነው። ከወራት በፊት። የሚያብለጨልጨው የዚያን ዕለት የተሰበረው ነው።”

“ስለዚህ ቦዩ አይደለም የሰበረው?”

ቀና ብዬ ሳይ ዕንባ ጉንጫቸው ላይ ወርዷል።

“ዝገት ዓይንዎ ውስጥ ገባ?”

“አዎ ልጄ” አሉ። “ዝገት ነው።”

ውኃ ላመጣላቸው ሮጥኩ። ስመለስ የተሰበረውን ቡሎን በመሐረባቸው ጠቅልለው ኮታቸው ውስጥ ከተውት ነበር። በዚያ ቀን ሥራ አቆሙ። በቀጣዮቹም ቀናት መኪናዋ ሥር አልገቡም። መስጂድ ይሄዳሉ፣ ተመልሰው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፣ አፍጥር ላይ ቴምርና ውኃ ቀምሰው ይነሳሉ። እናቴ ታመሙ ብላ ሰጋች። እኔ ተናደድኩባቸው። የእትዬ አማረችን እግር ጀምረው የተዉት መሰለኝ።

አላስችል ሲለኝ ወደ ቤቲ ሄድኩ። ከአደጋው በኋላ አላነጋገረችኝም ነበር። በራቸው ላይ ቆማ አገኘኋትና በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። “አባባ ሸረፋ የመኪናዋን እግር ጨርሰው ሲገጥሙ የእናትሽም እግር ይድናል። አሁን ትንሽ ስላመማቸው ነው እንጂ ይጨርሱታል።”

ቤቲ ወደ ውስጥ ተመልሳ የበሩን ጠርዝ ያዘች።

“እናቴ መኪና አይደለችም!” አለችና በሩን ዘጋችብኝ።

እዚያው በሩ ፊት ቆሜ ገባኝ። ማንም አላስረዳኝም። የምፈገፍጋቸው ቡሎኖች ቡሎኖች ብቻ ነበሩ። ቤት ገብቼ እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ፤ ሽታው አልለቀቀም።

እትዬ አማረች በዒድ ማግስት ከሆስፒታል ወጡ። እግራቸው አልተቆረጠም። ግን ብረት ገብቶበታል፣ ከእንግዲህ እንደ በፊቱ አይታጠፍም ተባለ። በክራንች ከታክሲ ሲወርዱ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ተቀበላቸው። አባቴ ከመጋረጃው ኋላ ቆሞ ያይ ነበር።

አባባ ሸረፋ ኮታቸውን ለብሰው መኝታ ቤቱ በር ላይ መጡ።

“ተነስ ከድር። አማረች ቤት እንሂድ።”

“እርስዎ ይሂዱ አባባ። እኔ አልችልም።”

“አንተ ከሌለህ የምናገረው ነገር አይወጣልኝም።” ድምፃቸው እንዲህ ሲለሰልስ ሰምቼ አላውቅም። “ልጄ፣ ለእኔ ስትል ተነስ።”

አባቴ ተነሳ። እናቴ ነጠላዋን ደረበች። አባባ ሸረፋ መሐረቡን ከኮታቸው አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ። “አንቺ ነሽ ያጠብሽው፤ አንቺው ያዢልኝ” አሉኝ። ያኔ ልጅ ስለሆንኩ የታመንኩ መስሎኝ ኮራሁ። እጃቸው ሊይዘው እንዳልቻለ የገባኝ በኋላ ነው።

ጋሽ ላምቤቦ በሩን ከፈቱ። “ግቡ” አሉ። እትዬ አማረች ሶፋው ላይ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ቤቲ ከጎናቸው ናት። አባቴ በሩ አጠገብ መሬት መሬት እያየ ቆመ።

አባባ ሸረፋ አልተቀመጡም። “ሰሚራ፣ ፍቺው” አሉ። መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት።

“ይሄ ቡሎን የመኪናዋን አክስል ቦታ የሚያስይዘው ነው። የተሰበረው ቦዩ ውስጥ አይደለም። ከዚያ በፊት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ከድር ፍሬን ሲይዝ አክስሉ ሸሸ፤ መኪናዋን ከኋላ ያዞራት እሱ ነው። ልጄ አልተኛም።”

አባቴ ቀና አለ።

“ቡሎኑ ለምን ተሰበረ ካላችሁ” አሉ። “በጥር ባሌስትራውን ፈትቼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። አዲስ ሲገጠም ትንሽ ከተነዳ በኋላ የታጠፉት ቡሎኖች ይላላሉ፤ ተመልሰው መጥበቅ አለባቸው። ከድርን መልሰህ አምጣልኝ አልኩት፣ አመጣልኝ። እኔ ግን አላጠበቅኩም።”

እጆቻቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ከቡሎኑ ጎን አስቀመጧቸው። ሁለቱም ይንቀጠቀጡ ነበር። ቡሎኑ ከእንጨቱ ጋር እየተጋጨ ቀጭን ድምፅ ያሰማ ጀመር። ብርድ አልነበረም።

“ይሄ ጀምሮኝ ነበር። መፍቻ ይዤ ስንቀጠቀጥ እንዳያየኝ አፈርኩ። ሌላ ሰው ጥራ ልለውም አፈርኩ። በመዶሻ መታ መታ አደረግሁና ‘ጥሩ ነው፣ ሂድ’ አልኩት። አማረች፣ እግርሽን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ለፖሊሱም ይሄንኑ ሄጄ እናገራለሁ። ዛሬ የመጣሁት መጀመሪያ አንቺ እንድትሰሚው ነው።”

ጋሽ ላምቤቦ ተነሱ።

“አሁን ይሄን ነግረውኝ ምን ላድርግበት?” ድምፃቸው ከፍ አለ። “ስንት ጊዜ ልጄ እያለቀሰች ስታድር ከድርን ጠላሁት። ጎረቤቴን! አሁን ደግሞ የእርስዎን ሽበት እያየሁ ምን ልበል?”

“ላምቤቦ” አሉ እትዬ አማረች። “ተቀመጥ።”

ተቀመጡ። እትዬ አማረች ግን አባባን አልነበረም የሚያዩት፤ አባቴን ነው።

“ከድር እንዳልተኛ እኔ አውቃለሁ” አሉ።

ሁላችንም ዞርን።

“ከጎኑ ነበርኩ እኮ። ከሀና ማርያም ስንነሳ ስለ ልጆቹ ትምህርት እያወራን ነበር። ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋ ስትዞር ‘እትዬ አማረች፣ ያዙ!’ ብሎ ጮኸ። መሪውን በሁለት እጁ እየታገለ ነበር። በእኔ በኩል እንዳትገለበጥ ሊመልሳት ሲሞክር አየሁት።”

“ታዲያ ምነው ሳትናገሪ?” አለች እናቴ፣ ዕንባዋ እየቀደማት።

“ማን ጠየቀኝ? ሁሉም መጥቶ ‘አይዞሽ’ ብሎኝ ይሄዳል። ያን ዕለት ምን ሆነ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ከድር ሲመጣ ለእሱው እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። እሱ ደግሞ ሳይመጣ ቀረ።”

አባቴ እንዴት እንደሄደ አላየሁም። ሳየው እትዬ አማረች እግር ሥር፣ ብረት የገባበት እግራቸው ካረፈበት በርጩማ አጠገብ ተንበርክኮ፣ ግንባሩን ሶፋው ጠርዝ ላይ አድርጎ ያለቅስ ነበር። አባት ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ የተሰፋው ግንባሩ የተከፈተ መስሎኝ ደም ፈለግሁ። እትዬ አማረች እጃቸውን ራሱ ላይ አስቀመጡ።

ስንወጣ ጋሽ ላምቤቦ አባባ ሸረፋን እስከ በሩ ሸኟቸው። “ይቅር ብያለሁ ብል ውሸት ነው” አሏቸው። “ጌታ ይርዳኝ፣ ዛሬ አልችልም። ግን በሬን አልዘጋብዎትም።”

“ከዚህ በላይ አልጠይቅህም” አሉ አባባ።

አባባ ሸረፋ እንዳሉት ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ቃላቸውን ሰጡ። መኪናዋ ተመረመረች፤ ከጊዜ በኋላ የአባቴ መንጃ ፈቃድ ተመለሰ። ቤታችን ውስጥ ግን ሌላ ዝምታ ገባ። አባቴ ከመኝታ ቤት ወጥቶ ሳሎን ይቀመጣል፣ ከእኔም ከእናቴም ጋር ያወራል። ለአባባ ሸረፋ ግን ሰላምታ ብቻ ነው። ምግብ ያቀርብላቸዋል፣ ጫማቸውን ያነሳላቸዋል፤ ዓይናቸውን አያይም። እሳቸውም አይጫኑትም። አንድ የታወቀ መካኒክ ተጠርቶ የፊቷን ቦዲና መሪውን ሠራ። የኋላውን እግር ግን አባባ “የእኔ ነው፣ ለማንም አልሰጥም” አሉ። አዲስ ቡሎኖች ተገዙ። ማጥበቁን እጃቸው ስለማይችል መካኒኩ እንዲያጠብቅላቸው አደረጉ፤ አጠገቡ ተኝተው እያንዳንዷን ዳዶ በዓይናቸው አዩ።

ዝናቡ መሳሳት ሲጀምር መካኒኩ መኪናዋን ትንሽ ነድቶ ግቢ መለሳት። አሁን የቀረው ተመልሶ ማጥበቅ ብቻ ነው። መካኒኩ ሌላ ሥራ ደርሶበት በማግስቱ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። አባባ ሸረፋ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና ካርቶኑን አነጠፉ።

ረጅሙን መፍቻ ይዘው መኪናዋ ሥር ገቡ። መፍቻው ዳዶውን ሲስት፣ ብረት ብረትን ሲመታ እሰማለሁ። እንደገና ይሞክራሉ፣ እንደገና ይስታል። እንዳላሳፍራቸው ዓይኔን ወደ አጥሩ መለስኩ። አጥሩ ቀዳዳ ላይ ቤቲ ቆማ ታይ ነበር። አላወራንም፤ ግን አልሄደችም።

አባቴ ከቤት ወጣ። ደረጃው ላይ ቆሞ ያን ድምፅ ሰማ። ከዚያ ሸሚዙን አውልቆ በከነቴራ ብቻ፣ ካርቶን ሳይፈልግ፣ ጭቃው ላይ ተጋድሞ ከአባባ ጎን ገባ። ጎን ለጎን አራት እግሮች ወጥተው ይታዩኝ ነበር።

“ያምጡት አባባ” ሲል ሰማሁት። “እርስዎ ይያዙልኝ፣ እኔ ልሳበው።”

“አንዱን ብቻ ጨርሰህ እንዳትሄድ። ተራ በተራ፣ ከዚህ ወደዚያ እያልክ።”

“እሺ።”

“ትንሽ ጨምር። ገና ነው። ጨምር… በቃ።”

“በቃ?”

“አንተ ንገረኝ። እጄ አሁን ውሸት ይነግረኛል፤ ያንተን ነው የማምነው።”

አባቴ እንደገና ሳበው። መፍቻው አንድ ጊዜ ተነቃነቀ። “በቅቷል” አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ “ያን ጊዜ እንዲህ ቢሉኝ ኖሮ እኔ አልስበውም ነበር አባባ?” ሲል ሰማሁት። በቁጣ አልነበረም የተናገረው።

“ትስበው ነበር” አሉ አባባ። ከሥር ሲወጡ አባቴ ክንዳቸውን ይዞ አነሳቸው፤ ከጀርባቸውም ላይ ጭቃውን በእጁ ጠረገላቸው።

አባቴ መኪናዋን ከግቢ አወጣት። ከአደጋው በኋላ መሪ ሲይዝ ያ የመጀመሪያው ነው። አባባ ሸረፋ “ቀስ ብለህ ቀጥ ብለህ ሂድ፣ እኔ ከኋላ አያለሁ” አሉት። መንገዱ መሀል ላይ እኔን አጠገባቸው አቆሙኝ። የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ዱካ መከተል አለባቸው፤ ጎን ለጎን ሁለት ዱካ ከተዉ አክስሉ አሁንም ቦታውን አልያዘም ማለት ነው። ይህን ነግረውኝ ነበር።

ሚኒባሷ እርጥቡን አስፋልት ይዛ ወደ አቦ አቅጣጫ መሄድ ጀመረች። አባባ ሸረፋ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ከዚያ በእጅጌያቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እንደገና አዩ፣ እንደገና ጠረጉ።

“አንቺ እዪልኝ ሰሚራ” አሉ። “እኔ አልታየኝም። ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው?”

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጎማዎቹ ውኃው ላይ የሚተዉትን መስመር እስከ መታጠፊያው ድረስ ተከተልኩት።

“ቀጥ ብላ ነው አባባ።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“እርግጠኛ ነኝ። የኋላው ልክ በፊተኛው ላይ ነው የሚሄደው።”

የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ፤ መኪናዋ ከዓይናችን እስክትጠፋ እንደዚያው መንገዱ መሀል ቆምን።